ገላጋይም ይታሰራል፦ «ፖሊስ ሲይዝህ ታገል» ለሚለው ፅሁፍ ምላሽ

ሰሞኑን በየቴሌግራሙ እየዞረ ያለውን ስለ ፖሊስና ስለ መብታችን የተፃፈውን ረጅም ፅሁፍ ያላያችሁ ጥቂት ናችሁ ብዬ አስባለሁ። ለኔ ብቻ ከአምስት ሰው ደርሶኛል፣ አንዷ የእህቴ ልጅ ናት፣ ሃያ አመቷ ነው፣ ግሪን ካርድ ነው ያላት፣ «አክስቴ ይሄ ነገር እውነት ነው?» ብላ ላከችልኝ። ለሷ በስልክ የመለስኩላትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልፃፈው ብዬ ነው የተነሳሁት።

ጠበቃ አይደለሁም። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች ውስጥ የአማርኛ አስተርጓሚ ሆኜ ለብዙ አመት ሰርቻለሁ፣ አሁንም እሰራለሁ። የማንንም ሰው ኬዝ እዚህ አላወራም፣ የገባሁት ቃለ መሀላ አይፈቅድልኝም። ህጉ ራሱ ግን የተደበቀ ነገር አይደለም፣ የፈለገ ሰው ሊያነበው ይችላል፣ ስለሱ ማውራት እችላለሁ።

አዛባችብኝ እንዳይሉኝ መጀመሪያ ፀሃፊው ያሉትን በቅንነት ላስቀምጥ። መነሻቸው ፖሊስ ሰው ደብድቦ ሲያበቃ «እሱ ነው የመታኝ» ብሎ ራሱን ለማዳን ይከሳል የሚል ነው። ከዛ ተነስተው አምስት ነገር ይላሉ፦ ሰው ካልተጎዳ ፖሊስን መግፋት ወይም እጅን መንጠቅ ከባድ ወንጀል አይደለም፤ አያያዙ ህገወጥ ከሆነ መታገል መብትህ ነው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1900 ወስኗል፤ ዩኒፎርም ያልለበሰ ፖሊስን ብትመታ ክሱ አይቆምም፤ ጁሪ (ፍርድ ለመስጠት የሚቀመጡ ተራ ነዋሪዎች) እንዲህ አይነት ክስ ይጥላል፣ ማስረጃውም ኤጀንት ላይ ሳንዱች ወርውሮ ነፃ የተባለው ሰውዬ ነው፤ በመጨረሻም ቢከፋ ቢከፋ ሚስዲሚነር (ቀላል የሚባለው ወንጀል) ላይ ጊልቲ፣ ማለትም ጥፋተኛ ነኝ፣ ብለህ ፈርመህ ቤትህ ትገባለህ። (እኔም እሳቸውም አመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንፅፈው።)

መነሻቸው ላይ እስማማለሁ። የዲሲ የድሮው ህግ ፖሊስን መምታትን ብቻ አይደለም፣ መቃወምን፣ ማደናቀፍን፣ ማስፈራራትን፣ ጣልቃ መግባትን ሁሉ «ፖሊስ ላይ የተፈፀመ አሶልት» ብሎ በአንድ ስም ይጠራው ነበር፣ ካቴና ሲያስገቡለት ክንዱን የወጠረ ሰውና ፖሊስ በቡጢ የመታ ሰው በአንድ አንቀፅ ይከሰሱ ነበር ማለት ነው። ደብሊው ኤ ኤም ዩ የሚባለው የዲሲ ሬድዮ ጋዜጠኞች በ2015 መዝገብ አገላብጠው ይሄንን አደባባይ አወጡት፣ ከተከሰሱት ብዙዎቹ ሌላ ምንም ወንጀል አልተባሉም ነበር፣ ማለትም ፖሊስ መጀመሪያ ያስቆማቸው ነገር ራሱ ክስ ሆኖ አልቀረበም። በ2016 የከተማው ምክር ቤት ህጉን አሻሻለ፣ መምታትን ለብቻው፣ ሲያዙ መቃወምን ለብቻው አደረገ። ስለዚህ ፀሃፊው ክሱ አላግባብ ይሰራበታል ሲሉ ልክ ናቸው፣ በዚህ ነገር የሚንገበገቡትም ከልባቸው እንደሆነ ያስታውቃል።

ግን ከዛ በኋላ የመጣው ምክር ያስፈራኛል።

«ካልተጎዳ ከባድ ወንጀል አይደለም» የሚለውን ለምን ሰው ቶሎ እንደሚያምነው ከስራዬ አውቀዋለሁ። አሶልት የሚለውን ቃል ወደ አማርኛ ስመልስ ሁሌም ያስቸግረኛል። «ድብደባ» ብል ሰውየው «እኔ ማንንም አልደበደብኩም» ይላል፣ እውነቱን ነው። «ጥቃት» ብል ደግሞ በጣም ይከብዳል። አገር ቤት የወንጀል ህጉ ውስጥ «የእጅ እልፊት» የሚባል አለ፣ የአካል ጉዳት ሳይደርስ ሰውን መግፋት፣ መጎንተል፣ ቀለል ተደርጎ የሚታይ ጥፋት ነው፣ እኛም ይዘነው ያደግነው ሚዛን እሱ ነው፣ ካልቆሰለ፣ ካልተሰበረ ነገሩ በሽማግሌ ያልቃል። እዛም ቢሆን በስራ ላይ ያለ የመንግስት ሰራተኛን መምታት የራሱ አንቀፅ አለው፣ ግን እሱን ማን ያስታውሳል።

አሁን ቨርጂኒያን ተመልከቱ። ፖሊስ መሆኑን እያወቅክ፣ ወይም ማወቅ የሚገባህ ሆነህ፣ በንዴት ወይም በብልግና ከነካኸው ትንሿ ንክኪ ትበቃለች፣ መትፋትም ይገባበታል፣ ክላስ ሲክስ ፌሎኒ ነው፣ ፌሎኒ ማለት ከባድ ወንጀል ነው። ከ1 እስከ 5 አመት ያስቀጣል፣ ዳኛው ወይም ጁሪው ዝቅ አርጎ እስከ 12 ወር በሚደርስ እስር ሊያደርገው ይችላል፣ ግን ከ6 ወር በታች መውረድ አይችልም፣ ዳኛው ቢያዝንልህም እጁ ታስሯል። ያው ንክኪ ጎረቤትህ ላይ ቢሆን ሚስዲሚነር ነው፣ ይሄን ያህል እሰር የሚል ወለልም የለው። ፖሊሱ መጎዳት አለበት የሚል ነገር የለም።

ሜሪላንድ ሌላ ነው። እዛ ፌሎኒ የሚሆነው ሆን ብለህ ፖሊሱ ላይ ከቀላል ጉዳት ያለፈ የአካል ጉዳት ስታደርስ ነው፣ እስከ 10 አመትና እስከ 5,000 ዶላር። ጉዳት ከሌለ ተራው ሁለተኛ ደረጃ አሶልት ነው፣ ሚስዲሚነር ይባላል፣ ግን በስሙ እንዳትሸወዱ፣ የሱም ጣሪያ 10 አመት ነው። ዲሲ ደግሞ ጉዳት ከሌለ ጣሪያው 6 ወር ነው፣ ጉልህ ጉዳት ከደረሰ ወይም ያንን ሊያደርስ የሚችል ከባድ አደጋ ያለው የሀይል ድርጊት ከፈፀምክ ግን 10 አመት ይሆናል። በዚህ ሁሉ ላይ የፌደራሉ ህግ አለ፣ እሱ በሶስት ደረጃ ነው የሚሄደው፣ ቀላሉ እስከ 1 አመት፣ አካላዊ ንክኪ ካለበት እስከ 8፣ መሳሪያ ወይም የአካል ጉዳት ካለበት እስከ 20። ከ2025 ኦገስት ጀምሮ ዲሲ መንገድ ላይ የፌደራል ኤጀንቶች ከከተማው ፖሊስ ጋር እየዞሩ ስለሆነ ይሄኛው እንደ ድሮው ሩቅ ነገር አይደለም።

ስለዚ የፀሃፊው አባባል ለሜሪላንዱ ፌሎኒ ግማሽ እውነት አለው፣ ለቨርጂኒያ ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው፣ ፅሁፉ ውስጥ ደግሞ ስለየትኛው ስቴት እንደሚያወሩ የሚናገር አንድ መስመር የለም። አኗኗራችንን ታውቁታላችሁ፣ አሌክሳንድሪያ አድረን፣ ዲሲ ሰርተን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እንጀራ ገዝተን የምንገባ ሰዎች ነን፣ በአንድ ቀን ሶስት ህግ እናቋርጣለን። ታክሲ እና ኡበር የሚነዳው ወንድማችንማ በሰአት ውስጥ ያቋርጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ፅሁፉ ጭራሽ አላነሳውም፣ ለኔ ግን ዋናው እሱ ነው፣ ገላጋይ። ሰው ሲጣላ መሀል መግባት እኛ ጋ ግዴታ ነው፣ ዝም ብሎ የቆመ ሰው ነው የሚታማው። አንድ ምሽት ምግብ ቤት በር ላይ ፖሊስ አንድ ልጅ ግድግዳ ላይ ሲያስደግፈው አስቡ፣ አጎቱ ይመጣል፣ «ኦፊሰር፣ ጥሩ ልጅ ነው፣ ተወው በናትህ» እያለ የፖሊሱን ክንድ ይይዛል። እኛ ይሄ ልመና መሆኑን እናውቃለን፣ በአይናችን አይተን አድገናል፣ ክንድ መያዝ አክብሮት ነው፣ ትከሻ መንካት ማባበል ነው። ፖሊሱ የሚያየው ግን ከኋላው የመጣ የማያውቀው እጅ ነው፣ ያውም መሳሪያው በታጠቀበት በኩል። በኋላ ጠበቃው «በንዴት አልነካውም፣ እየለመነው ነበር» ብሎ ሊከራከር ይችላል፣ ጥሩ ክርክርም ነው፣ ግን ክርክሩ የሚደረገው አጎትየው ከታሰረ፣ ስራ ከቀረና ለጠበቃ ከከፈለ በኋላ ነው። እንደ ፅሁፉ ከሄድን ደግሞ ይሄ ሰውዬ ማንንም ስላልጎዳ ምንም አይሆንም።

ፖሊስ የሚለው ቃልም ሰው ከሚገምተው ይሰፋል። ዲሲ ውስጥ ስፔሻል ፖሊስ ፍቃድ ያለው የህንፃ ጥበቃ ይገባበታል፣ የእሳት አደጋ ሰራተኛ ይገባበታል፣ የእስር ቤት ሰራተኛ ይገባበታል። በጥበቃ ስራ ላይ ያሉ የኛ ሰዎች ስንት ናቸው? ሌሊቱን ሙሉ ሎቢ ውስጥ ብቻውን ቆሞ የሰከረ ሰው የሚሰድበውና የሚገፋው ሰው ፍቃዱ ካለው ይሄው ህግ እሱንም ይጠብቀዋል፣ ይሄንን ስለረሳን ህጉን ሁሌ ከአንድ ወገን ብቻ ነው የምናየው።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ፣ ህገወጥ አያያዝን መታገል። እዚህ ላይ ፀሃፊው የጠቀሱት ፍርድ እውነተኛ ነው። ጆን ባድ ኤልክ የሚባል የሳውዝ ዳኮታ ሰው ያለ ዋራንት (የመያዣ ትእዛዝ) ሊይዙት ከመጡ ፖሊሶች አንዱን ገድሎ ሞት ተፈርዶበት ነበር፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1900 ፍርዱን ሻረው፣ ህገወጥ አያያዝን የሚቃወም ሰው በዛ ጊዜ በነበረው ልማዳዊ ህግ (ከዳኞች ውሳኔ እየተጠራቀመ የመጣው ህግ) መብት አለው ስላለ ነው። ችግሩ ያ ልማዳዊ ህግ ስቴቶች በየራሳቸው ሊቀይሩት የሚችሉት ነገር ነው፣ ብዙዎቹም ቀይረውታል። ዲሲ ቀይሮታል፣ አንቀፁ በግልፅ ነው የሚለው፣ ፖሊስ ነው ብለህ የምታምንበት ምክንያት እስካለ ድረስ አያያዙ ህጋዊ ሆነ አልሆነ በጉልበት መቃወም ሰበብ አይሆንልህም።

ያሉትን ሁሉ ስህተት ነው እንዳልል፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የድሮውን መብት እስካሁን አልሻሩትም። ፀሃፊው ይሄንን ቢያውቁ ኖሮ ክርክራቸው ይጠነክርላቸው ነበር። ግን እዛም ቢሆን መብቱ ጠባብ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ፖሊሱ ዋራንት ይዞ ከመጣ የለም። ቨርጂኒያ ውስጥ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 እንዳለው ለአጭር ጊዜ ለማጣራት ሲያስቆምህ አይሰራም፣ የሚሰራው ለትክክለኛ አሬስት፣ ማለትም አስሮ ለመውሰድ ሲይዝህ፣ ብቻ ነው። አሁን ንገሩኝ፣ ሌሊት ስድስት ሰአት መንገድ ዳር፣ ፖሊስ «እጅህን መኪናው ላይ አድርግ» ሲልህ፣ ይሄ አሬስት ነው ወይስ ማጣሪያ? ዳኞች እንኳ ለዚህ ገፅ ሙሉ ይፅፋሉ። ፖሊሱ የሚያስፈልገው ምክንያት ደግሞ ብዙ አይደለም፣ ጥፋት መስራትህን ማረጋገጥ አይጠበቅበትም፣ የሰማው ነገር ሊበቃው ይችላል፣ አንተ የማታውቀው የሬድዮ ጥሪ፣ መኪናህን የሚመስል መኪና። አንተ ንፁህ ነህ፣ ንፁህ በመሆንህ አያያዙ ህገወጥ ይመስልሃል፣ ህጉ ግን ንፁህ ሰውንም በስህተት ግን በህጋዊ መንገድ መያዝ ይቻላል ነው የሚለው። ይሄ ልዩነት ፅሁፉ ውስጥ የለም፣ እናም ልጆቻችንን የሚያስበላቸው እሱ ነው። በሶስት ሰከንድ የወሰንከውን ከወራት በኋላ ዳኛ በቦዲ ካሜራ ወደኋላ እየመለሰ ያየዋል፣ ከተሳሳትክ ያ የታገልከው ትግል ለብቻው ክስ ነው፣ መጀመሪያ የያዙህ ጉዳይ ውድቅ ቢሆንም እሱ ሊቀር ይችላል።

ፖሊስ ከመጠን ያለፈ ሀይል ሲጠቀም ራስን መከላከል ሌላ ጥያቄ ነው፣ ዲሲም ሳይቀር ይቀበለዋል፣ በልኩ ከሆነ። ግን ፀሃፊው ሁለቱን አደባልቀውታል፣ ህገወጥ አያያዝ እና ህገወጥ ድብደባ አንድ አይደሉም።

ዝም የማለት፣ ከርቀት ቪዲዮ የመቅረፅ፣ «ፍተሻ አልፈቅድም» ብሎ በአፍ የመናገር መብት አለን ያሉት ግን ትክክል ነው፣ ሶስቱንም ተጠቀሙባቸው። በአፍ ተቃወሙ፣ በእጅ አትቃወሙ። ህገወጥ አያያዝ ከነበረ ጠበቃው ማስረጃውን ውድቅ ሊያስደርግ፣ ከዛም በሲቪል ሊከስ ይችላል፣ እጅ ያልተነሳበት ቪዲዮ ደግሞ ለዛ ክስ ትልቅ ዋጋ አለው።

ዩኒፎርም ስለሌለው ፖሊስ አላረዝምም። ቨርጂኒያ ላይ ልክ ናቸው፣ ማወቅ ወይም ማወቅ የሚገባህ መሆን አለበት። በፌደራሉ ህግ ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1975 የመታኸው ሰው የፌደራል ሰራተኛ መሆኑን ባታውቅም ክሱ ይቆማል ብሏል፣ የሚያድንህ ተራ ወንበዴ ያጠቃኝ መስሎኝ ራሴን ተከላከልኩ የሚለው በእውነት ሲሆን ብቻ ነው። ጭምብል ያደረጉ ኤጀንቶች በሚዞሩበት በዚህ ጊዜ ይሄ ክርክር ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል፣ ሰው ይፈራል፣ እኔም እፈራለሁ። ግን «ክሱ አይቆምም» ብሎ በደፈናው መፃፍ ሌላ ነው።

ስለ ሳንዱቹ ሰውዬ። ነገሩ የሆነው በ2025 ኦገስት 10 ማታ ነው፣ 14ኛውና ዩ ስትሪት ላይ፣ ከሀበሻ ምግብ ቤቶቻችን በእግር የሚደረስ ቦታ። አንድ ሰው የጉምሩክና ድንበር ጥበቃ ኤጀንት ላይ ሳንዱች ወረወረ፣ አቃቤ ህግ በፌሎኒ ሊከሰው ሞከረ፣ ግራንድ ጁሪው (ክስ ይቅረብ አይቅረብ ብለው የሚወስኑት ነዋሪዎች) አልፈቀደም፣ ከዛ በሚስዲሚነር ተከሰሰ፣ ኖቬምበር 6 ጁሪው ነፃ አለው። ይሄ ሁሉ እውነት ነው፣ ክሱ ከመጠን በላይ ነበር ብዬ እኔም አምናለሁ። ግን ከዚህ «ጁሪ ይጥለዋል» ወደሚለው እንዴት ይደረሳል? የአንድ ጁሪ ውሳኔ ለሌላ ጁሪ ህግ አይሆንም፣ ነገ በተመሳሳይ ነገር የሚቀመጡ አስራ ሁለት ሰዎች ያንን ውሳኔ የመከተል ግዴታ የለባቸውም፣ ዳኛውም አይነግራቸውም። የዲሲ ጁሪ ደግሞ የዲሲ ነዋሪ ነው፣ በዛ ሰሞን ከተማው በፌደራል ሀይል መሞላቱ ያስከፋው ሰው፣ ልክ ከወንዙ ማዶ ቨርጂኒያ ውስጥ ለሚከሰስ ሰው ያ ጁሪ አይመጣለትም። ሰውየውም ቢሆን ነፃ እስኪባል ሶስት ወር ያህል በክስ ስር ነበር፣ የፍትህ ሚኒስቴር ስራውን አጣ፣ ሌሊት የመጡ ፖሊሶች ከቤቱ ይዘውት ሄዱ። እሱ ግን አሜሪካዊ ዜጋ ነው። ጥያቄዬ ይሄ ነው፣ በሱ ቦታ ግሪን ካርድ ያለው የኛ ልጅ ቢሆንስ?

ይሄ ወደ መጨረሻው ይወስደኛል፣ «ሚስዲሚነር ላይ ፈርመህ ቤትህ ትገባለህ»። የእህቴን ልጅ ቁጭ አድርጌ ያወራኋት በዚህ ምክንያት ነው።

ኢሚግሬሽን ህግ የራሱ መዝገበ ቃላት አለው። ከ1996 ወዲህ ጊልቲ ብለህ ዳኛው ማንኛውንም ቅጣት ወይም ገደብ ከጣለብህ ለኢሚግሬሽን ጥፋተኛ ተብለሃል፣ ስቴቱ በኋላ መዝገቡን ዘጋሁልህ ቢልህም። ቅጣቱ ቢገደብም፣ ማለትም «12 ወር፣ ሙሉው በገደብ» ቢልህና አንድ ቀን ባትታሰር፣ ኢሚግሬሽን 12 ወር ብሎ ነው የሚቆጥረው። የሀይል ወንጀል ከሆነና ቅጣቱ አንድ አመት ከሞላ «አግራቬትድ ፌሎኒ» ይባላል፣ ስቴቱ ሚስዲሚነር ብሎ ቢጠራውም። ያ ስም ከተለጠፈብህ ዜግነት የማግኘት በር ለዘለአለም ይዘጋል፣ የዲፖርቴሽን መከላከያዎችም አብዛኞቹ ይዘጋሉ። የትኛው የስቴት አንቀፅ እዚህ ውስጥ ይገባል አይገባም የሚለው ራሱ ዳኞችን ያከራከረ ነገር ነው፣ 11 ወር ከ29 ቀን እና 12 ወር መሀል ያለው ያ አንድ ቀን የሰው እድሜ የሚወስንበት ጊዜ አለ፣ ይሄ የሚደራደሩበት ነገር እንጂ የሚፈርሙበት አይደለም።

ሆዜ ፓዲያ የሚባል ሰው ነበር፣ ከ40 አመት በላይ በህጋዊነት እዚህ የኖረ፣ ቬትናም የዘመተ፣ የጭነት መኪና ሹፌር። ኬንተኪ ውስጥ በማሪዋና ተያዘ፣ ጠበቃው እዚህ አገር ብዙ ስለኖርክ ስለ ኢሚግሬሽን አታስብ አለው፣ ፈረመ፣ ከዛ የዲፖርቴሽን መንገድ ተከፈተበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 የወንጀል ጠበቃ ስለ ኢሚግሬሽን መዘዙ ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት ያለው በሱ ምክንያት ነው። ስለዚ መንግስት የሚያቆምልህ ጠበቃም ቢሆን ልትጠይቀው መብትህ ነው፣ «ይሄንን ብፈርም ግሪን ካርዴ ምን ይሆናል?» በለው፣ ካልመለሰልህ የኢሚግሬሽን ጠበቃ እስካናግር ቀጠሮ ይሰጠኝ በል።

ፕሊ የሚሰጥበት፣ ማለትም ሰውየው ጥፋተኛ ነኝ የሚልበት፣ ሰአት ላይ ዳኛው የሚያነበው ረጅም ጥያቄ አለ። ጁሪ የማግኘት መብትህን እየተውክ እንደሆነ ይገባሃል? ማንም አላስገደደህም? ዜጋ ካልሆንክ ይሄ ከአገር ሊያስወጣህ እንደሚችል ይገባሃል? እኔ ከጎኑ ቆሜ ጥያቄ በጥያቄ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። መልሱ ሁሌ ፈጣን ነው፣ አዎ፣ አዎ፣ አዎ። አንዳንዴ ጥያቄውን ሳልጨርስ ነው አዎ የሚለኝ፣ ምክንያቱም ውጪ ሰው ነግሮታል፣ ፈርመህ ውጣ ብሎታል፣ ወይም እንዲህ አይነት ፅሁፍ አንብቧል። አስተርጓሚ ከራሱ አንድ ቃል መጨመር አይችልም፣ ዞር ብዬ «ወንድሜ፣ ቆይ፣ መጀመሪያ ጠይቅ» ማለት አልችልም። ትክክለኛ ህግ ነው፣ አከብረዋለሁ፣ ግን ወደ ቤቴ ስነዳ ያ «አዎ» ጆሮዬ ላይ ይቀራል።

ፀሃፊውን በግል አላውቃቸውም፣ ለሰው አስበው እንደፃፉ ግን አልጠራጠርም። ሌላው ሁሉ ቢቀር ያቺን የመጨረሻዋን ስለ መፈረም የፃፉትን አንቀፅ እንዲያነሷት ወይም «መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ» የሚል እንዲጨምሩባት እለምናቸዋለሁ። ፅሁፉ አሁንም እየተላከ ነው፣ ይሄንን እየፃፍኩ ባለሁበት ሰአት እንኳ ከአንድ የቤተክርስቲያን የወጣቶች ግሩፕ ደርሶኛል።